ኦቶኮሚትን ማን ይያዘው? የፖስትግሬስ 7.3 እና 7.4 ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2002 ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ 7.3 ቨርዥን ወጣ። ስኪማ (ቴብሎችን በየክፍሉ ማደራጃ) ይዞ መጣ። ኮለም መሰረዝም ይዞ መጣ። ብዙ ሰው ሲጠብቃቸው የነበሩ ነገሮች ናቸው። ከእነሱ ጎን አንዲት ትንሽ ሴቲንግም ነበረች፤ ኦቶኮሚትን፣ ማለትም ዳታቤዙ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው በራሱ ማጽናቱን (ኮሚት ማድረጉን)፣ በሰርቨሩ ላይ ለማጥፋት የምታስችል። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን 7.4 ሲወጣ ያቺ ሴቲንግ ከሰርቨሩ ተነሥታለች። ዓመት እንኳ አልሞላትም።

የፖስትግሬስ ሰዎች አንድን ነገር ከማስገባታቸው በፊት ብዙ ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ካስገቡት በኋላም የሰው ፕሮግራም እንዳይሰበር ይጠነቀቃሉ። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት በአንድ ቨርዥን ያስገባውን በሚቀጥለው ሲነቅል ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው። የ7.4 የለውጥ ማስታወሻ ምክንያቱን በግልጽ ያስቀምጠዋል። የራሳቸውን ኦቶኮሚት ራሳቸው መቆጣጠር ለሚፈልጉ ቋንቋዎችና አፕሊኬሽኖች በሰርቨር በኩል ያለው ኦቶኮሚት ከመጠን በላይ ችግር እየፈጠረ ነበር፤ ስለዚህ ከሰርቨሩ ወጥቶ በየክላየንቱ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋር በሚያወራው ፕሮግራም ውስጥ፣ እንዲገባ ተደረገ።

ይህ ጉዳይ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬ በፓይተን፣ በጃቫ ወይም በፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚያወራ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያኔ በተወሰነው ነገር ውስጥ ነው የሚሠራው። «ዳታው ለምን አልተቀመጠም?» ወይም «ቴብሉ ለምን ተቆለፈ?» ብሎ ሰዓታት የሚያቃጥል ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሌላ መሆኑ አይታየውም። ጥያቄው ኮሚቱን የሚያደርገው ማን ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ከአንድ አካውንት 500 ብር ቀንሶ ሌላው ላይ የሚጨምር ኮድ ሁለት «አፕዴት» (የመቀየሪያ ትእዛዝ) ይልካል። በመሀል ኮኔክሽኑ ቢቋረጥ የመጀመሪያው ተቀንሶ ሁለተኛው ሳይጨመር ሊቀር ይችላል። ትራንዛክሽን ያስፈለገው ለዚህ ነው። «ቢጊን» ብላችሁ ትከፍታላችሁ። ሁለቱን «አፕዴት» ትልካላችሁ። «ኮሚት» ብላችሁ ታጸናላችሁ። ከኮሚቱ በፊት አንድ ነገር ከተበላሸ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ።

«ቢጊን» ካላላችሁ ደግሞ ኦቶኮሚት ይሠራል። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ እንደ አንድ ሙሉ ትራንዛክሽን ይቆጥረዋል። ከተሳካ ወዲያው ኮሚት ይሆናል፣ ካልተሳካ ይሰረዛል። «ኦቶኮሚት ከበራ ትራንዛክሽን የለም» ሲባል እሰማለሁ። ትክክል አይደለም። አንድ «አፕዴት» 10,000 ረድፍ ሊቀይር ተነሥቶ መሀል ላይ ቢከሽፍ፣ ፖስትግሬስ ላይ አንዱም ረድፍ አይቀየርም። ኦቶኮሚት የሚያስቀረው ብዙ ትእዛዞችን አንድ ላይ ማሰርን ነው፤ እሱንም «ቢጊን» እስክትሉ ድረስ ብቻ።

የኤስኪውኤል፣ ማለትም የዳታቤዝ ትእዛዝ ቋንቋው፣ ስታንዳርድ ግን የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲመጣ ትራንዛክሽን በራሱ ይከፈታል። የሚዘጋው «ኮሚት» ወይም «ሮልባክ» (ወደ ነበረበት መልስ) ሲባል ነው። ኦራክል ከሚባለው ሌላ ዳታቤዝ የመጣ ሰው የለመደው ይህንን ነው። በኦራክሉ የትእዛዝ መጻፊያ በኤስኪውኤል ፕላስ ላይ «ደሊት» (አጥፋ) ይላል፣ ስንት ረድፍ እንደጠፋ ያያል፣ ቁጥሩ ካልጣመው «ሮልባክ» ብሎ ይመልሰዋል። ፖስትግሬስ ላይ ተቀምጦ ያንኑ «ደሊት» ሲጽፍ ግን ነገሩ አልቋል። የትኞቹ ረድፎች እንደሚጠፉ የሚወስነውን «ዌር» ረስቶ ከሆነም አልቋል።

ስለዚህ ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። ወደ ስታንዳርዱ መቅረብ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ በራሱ ክብደት አለው። እጅ ሲስት የሚመልስ ዕድል መፈለግም የሠራተኛ ፍላጎት ነው። እኔ በበኩሌ ሴቲንጉን ያስገቡት ሰዎች ተሳስተው ነበር ለማለት አልደፍርም። ፍላጎቱ ትክክል ነበር። ያስቀመጡበት ቦታ ነው ያልሆነው።

የ7.3 መልስ

የተሠራው ነገር ሲታይ ቀላል ነው። «ኦቶኮሚት» የሚባል የሰርቨር ሴቲንግ ተጨመረ። ዲፎልቱ (ማንም ሳይነካው ያለበት ሁኔታ) በርቶ ነው፤ የድሮው ባሕርይ እንዳይቀየር። ሲጠፋ ሰርቨሩ ከትራንዛክሽን ውጪ ትእዛዝ በደረሰው ቁጥር «ቢጊን» እንደተባለ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ «ኮሚት» እስኪመጣ የሚጸና ነገር የለም። በአንድ ሴሽን ውስጥ «ሴት» በሚለው ትእዛዝ መቀየር ይቻላል። በዋናው የኮንፊግ ፋይል ላይ በመጻፍ ለሁሉም ሰው መቀየርም ይቻላል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ። የጉዳዩ እምብርት እሷ ናት።

የ7.3 ሰነድ ራሱ ያስጠነቅቅ ነበር። ኦቶኮሚትን ማጥፋት ገና በደንብ የሚደገፍ ነገር አይደለም፣ ሁሉም ላይብረሪና አፕሊኬሽን አልተዘጋጀለትም፣ ለመላው ሰርቨር ዲፎልት ከማድረጋችሁ በፊት በጥንቃቄ ፈትሹ ይላል። አንድ አዲስ ነገር ከእንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ጋር ሲወጣ፣ ሠሪዎቹም የሆነ ነገር እንዳልገጠመላቸው ተሰምቷቸዋል ማለት ነው።

ሌላ ምልክትም አለ። ሴቲንጉ ጠፍቶም ቢሆን «ሴት»፣ «ሾው» እና «ሪሴት» የሚሉት ትእዛዞች አዲስ ትራንዛክሽን እንዳይከፍቱ ተደረገ። ለምን? ችግሩን በዓይነ ሕሊና ማየት ይቻላል። አንድ ላይብረሪ ሰርቨሩን «ኦቶኮሚት በርቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። የሚጠይቀው «ሾው» በሚለው ትእዛዝ ነው። ጥያቄው ራሱ ትራንዛክሽን ቢከፍት፣ ማወቅ የፈለገውን ነገር በመጠየቁ ብቻ ሁኔታውን ቀየረው ማለት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሦስቱ ትእዛዞች ከሕጉ ወጡ። ግን የወጡት ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሌላ ትእዛዝ ቀድሞ ትራንዛክሽን ከፍቶ ከሆነ «ሴት» የዚያ ትራንዛክሽን አካል ይሆናል፤ ትራንዛክሽኑ ሲሰረዝ አብሮ ይሰረዛል። አንዱ «ሴት» ይጸናል፣ ያው «ሴት» ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ሲጻፍ ላይጸና ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ለአዲስ ሠራተኛ ማስረዳት ስትጀምሩ ነው የዲዛይኑ ስንጥቅ የሚታያችሁ።

የተሰበረው ምንድን ነው?

ቀረብ ብለን እንየው። ለአንድ ቢሮ የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም አለች እንበል። ቀን ቀን የገባውን ደረሰኝ ትመዘግባለች። ጸሐፊዋ ፖስትግሬስን የሚያውቀው ኦቶኮሚት በርቶ ስለሆነ «ኮሚት» የሚል መስመር በኮዱ ውስጥ የለም። አያስፈልገውማ። «ኢንሰርት» (አዲስ ረድፍ አስገባ) ይላል፣ ኮኔክሽኑን ይዘጋል፣ አለቀ።

አሁን የዳታቤዙ አስተዳዳሪ ለሌላ አፕሊኬሽን ብሎ በኮንፊግ ፋይሉ ላይ ኦቶኮሚትን ያጠፋል። የትንሿ ፕሮግራም ኮድ አልተነካም። «ኢንሰርት» ትልካለች። ሰርቨሩ አንድ ረድፍ ገብቷል ብሎ በጤና ይመልስላታል። ምንም ስህተት የለም። ፕሮግራሟ ኮኔክሽኑን ትዘጋለች። ሰርቨሩ ኮሚት ያልተደረገ ትራንዛክሽን ያገኛል፣ ይሰርዘዋል። ደረሰኙ የለም። ሎጉ ላይ ቀይ ነገር የለም። ፕሮግራሟን የጻፈው ሰው ኮዱን አሥር ጊዜ ቢያነበው ጥፋት አያገኝበትም፤ ጥፋቱ እዚያ አይደለምና።

ከስህተቶች ሁሉ የምፈራው ይህንን ዓይነቱን ነው። ጮሆ የሚወድቅ ፕሮግራም ይጠገናል። «ተሳክቷል» እያለ ዳታ የሚጥል ፕሮግራም ግን እስኪነቃበት ድረስ ሰው ያምነዋል።

ሁለተኛው ስብራት ከአስተዳዳሪው ራሱ ሥራ ላይ ነው። ፖስትግሬስ ውስጥ በትራንዛክሽን ብሎክ ውስጥ ለመሮጥ እምቢ የሚሉ ትእዛዞች አሉ። «ቫኪዩም» አንዱ ነው፤ የሞቱ ረድፎችን የሚጠርገው። አዲስ ዳታቤዝ የመፍጠሪያው ትእዛዝም እንዲሁ። ሰርቨሩ ለሁሉም ትእዛዝ በስውር «ቢጊን» የሚል ከሆነ ከእነዚህ ጋር ይጋጫል። መፍትሔ ተብሎ የተወሰደው፣ ከፖስትግሬስ ጋር አብረው የሚመጡት የአስተዳዳሪ መሣሪያዎች መጀመሪያ «ኦቶኮሚትን አብራ» ብለው እንዲነሡ ማድረግ ነበር። ይህ ብዙ ይናገራል። የቤቱ የራሱ መሣሪያዎች እንኳ ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ሴቲንጉን መቃወም አስፈልጓቸዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የላይብረሪዎቹ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ ከዳታቤዝ ጋር የሚያወራበት መንገድ አስቀድሞ ለፕሮግራመሩ ቃል ገብቷል። የጃቫው ጄዲቢሲ «አዲስ ኮኔክሽን ሲከፈት ኦቶኮሚት በርቷል» ይላል። ለብዙ ቋንቋዎች የሚያገለግለው ኦዲቢሲም እንደዚሁ። የፓይተን ዳታቤዝ ስምምነት፣ ማለትም ፔፕ 249፣ ተቃራኒውን ያዛል፤ ኦቶኮሚት የሚባል ነገር ካለ መጀመሪያ ላይ መጥፋት አለበት። የፐርሉ ዲቢአይ በርቶ ይጀምራል። እነዚህ ቃል ኪዳኖች የተጻፉት ለሁሉም ዳታቤዝ ነው። አንድ የጃቫ ኮድ ኦራክል ላይም ፖስትግሬስ ላይም አንድ ዓይነት ባሕርይ እንዲኖረው ነው የተፈለገው።

የላይብረሪው ጸሐፊ ይህንን ቃል የሚጠብቀው በቀላሉ ነበር። ፕሮግራመሩ ኦቶኮሚት ሲያጠፋ ላይብረሪው ራሱ ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት «ቢጊን» ይልካል። ሲያበራ አይልክም። ሰርቨሩ የሚያውቀው ግልጽ የሆነውን «ቢጊን» እና «ኮሚት» ብቻ ነው። 7.3 ሲመጣ ግን ሌላ ባለ ሥልጣን ገባ። አንድ መኪና ላይ ሁለት ሰው መሪ እንደያዘ ነው። ላይብረሪው «ኦቶኮሚት በርቷል» ብሎ ለፕሮግራመሩ ይናገራል፣ ሰርቨሩ ግን በኮንፊግ ፋይሉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ላይብረሪው ይህንን ለማስተካከል ኮኔክሽን በከፈተ ቁጥር የሰርቨሩን ሁኔታ መፈተሽና መቀየር አለበት። ከዚያ በኋላም ማንም ፕሮግራመር በመሀል «ሴት» የሚል መስመር ልኮ ሊገለብጠው ይችላል። ላይብረሪው አላየውም።

ያኔ ላይብረሪው የማያየው ብዙ ነገር ነበር። እስከ 7.3 ድረስ በነበረው የግንኙነት ፕሮቶኮል ሰርቨሩ «ለሚቀጥለው ትእዛዝ ዝግጁ ነኝ» ሲል በትራንዛክሽን ውስጥ ሆኖ ይሁን ከውጪ ሆኖ አይናገርም። ክላየንቱ የላከውን እያስታወሰ መገመት ነበረበት።

ሦስቱን ስብራቶች የሚያያይዘው ይኸው ነው። ኦቶኮሚት የኤስኪውኤሉን ትርጉም ይቀይራል። ያው «ኢንሰርት» በአንዱ ሁኔታ የጸና ነገር ነው፣ በሌላው ገና ያልተወሰነ ሐሳብ ነው። የጽሑፍን ትርጉም የሚቀይር ነገር ጽሑፉን በጻፈው ሰው እጅ መሆን አለበት። የሜሞሪ መጠን በኮንፊግ ፋይል ቢቀየር ፕሮግራሙ ይፈጥናል ወይ ይዘገያል፤ ማለት የፈለገውን ግን አይቀይረውም። ኦቶኮሚት እንደ ሜሞሪ መጠን ተቆጥሮ ከሌሎቹ ሴቲንጎች መሀል መቀመጡ ነው ችግሩን ያመጣው።

7.4 ምን አደረገ?

መንቀል ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር ነበር። ግን ፍላጎቱ እንዳለ ነው። ከኦራክል የመጣው ሰው አሁንም «ሮልባክ» ማለት ይፈልጋል። ስለዚህ ኦቶኮሚት ወደ ክላየንቶቹ ሄደ። ፒኤስኪውኤል፣ ማለትም የፖስትግሬስ የተርሚናል መሣሪያ፣ የራሱን «ኦቶኮሚት» ቫርያብል አገኘ። በሲ ኮድ ውስጥ ኤስኪውኤል የሚያስገባው ኢሲፒጂም የራሱ አለው። እሱ እንዲያውም ስታንዳርዱን ተከትሎ ሲነሣ አጥፍቶ ነው የሚነሣው።

ለዚህ አንድ ነገር መቅደም ነበረበት። ክላየንቱ ማየት መቻል አለበት። 7.4 አዲስ የፕሮቶኮል ቨርዥን ይዞ መጣ፤ 3.0። በዚህ ፕሮቶኮል ሰርቨሩ «ዝግጁ ነኝ» በሚለው መልእክት ላይ አንዲት ፊደል ይጨምራል። ሦስት አማራጭ አላት፦ ከትራንዛክሽን ውጪ ነኝ፣ በትራንዛክሽን ውስጥ ነኝ፣ በተበላሸ ትራንዛክሽን ውስጥ ነኝ። አንድ ባይት ብቻ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ክላየንቱ መገመት ቀረለት። እኔን ከጉዳዩ ሁሉ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። ሰርቨሩ መወሰኑን ትቶ መንገሩን ያዘ።

ፒኤስኪውኤል በዚህች ባይት እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። በባክስላሹ «ሴት» ኦቶኮሚትን ታጠፋላችሁ። ከዚያ «ሰሌክት» ትጽፋላችሁ። ፒኤስኪውኤል ሁኔታውን ያያል፤ ከትራንዛክሽን ውጪ ነን። የጻፋችሁትን ያያል፤ «ቢጊን» ወይም ሌላ የትራንዛክሽን ትእዛዝ አይደለም፣ እንደ «ቫኪዩም» በብሎክ ውስጥ የማይሮጥም አይደለም። ስለዚህ ቀድሞ «ቢጊን» ይልካል፣ ከዚያ የእናንተን ይልካል። ሰርቨሩ የተለየ ነገር አያውቅም። ሰው «ቢጊን» ብሎ የጻፈ ነው የሚመስለው። «ቫኪዩም» ካላችሁ ደግሞ «ቢጊኑን» ይዘለዋል። በ7.3 መሣሪያዎቹ ሁሉ መጠምዘዝ የነበረባቸው ነገር እዚህ በክላየንቱ ውስጥ ተፈታ።

በቅርብ ዓመታት ቅጂዎች ላይ ነገሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ትራንዛክሽን ሲከፈት ፕሮምፕቱ (ትእዛዝ የምትጽፉበት መስመር መጀመሪያ) ላይ ኮከብ ምልክት ትጨመራለች። ትራንዛክሽኑ በስህተት ሲበላሽ ኮከቧ ወደ ቃል አጋኖ ትቀየራለች። ከዚያ በኋላ «ሮልባክ» እስክትሉ ድረስ የምትጽፉት ሁሉ ውድቅ ነው። ኦቶኮሚት አጥፍቶ የሚሠራ ሰው ዓይኑን ከዚያች ምልክት ላይ ባያነሣ ይሻለዋል። ኮሚት ሳያደርግ ከወጣ ሥራው ይጠፋል፤ የፒኤስኪውኤል ሰነድም ይህንኑ ያስታውሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ትንሽ ነገር አለች። የፒኤስኪውኤል ቫርያብሎች ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያሉ። የዚህ ቫርያብል ስም ሙሉ በሙሉ በትልልቁ ፊደል መጻፍ አለበት። በትንንሹ ከጻፋችሁት ፒኤስኪውኤል ሌላ አዲስ ቫርያብል ይፈጥርላችኋል፣ ቅሬታም አያሰማም፣ ኦቶኮሚት ግን እንደበራ ነው። አጥፍቻለሁ ብሎ ተማምኖ «ደሊት» የሚል ሰው ላይ የሚደርሰውን አስቡት። ከማመናችሁ በፊት አንድ «ሰሌክት» ጽፋችሁ ኮከቧ መጥታ እንደሆነ እዩ።

ሌላው የወደድኩት ነገር ለአሮጌ ክላየንቶች ያደረጉት ነው። ለ7.3 የተጻፉ ክላየንቶች ኮኔክሽን ሲከፍቱ «ኦቶኮሚትን አብራ» ይላሉ። 7.4 ይህንን ትእዛዝ ጭራሽ ባያውቀው ኖሮ ስህተት ይመልስና ክላየንቱ ገና ሲነሣ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ በሰርቨሩ ኮድ ውስጥ ምንም የማትሠራ ሴቲንግ ቀረች። «አብራ» ስትባል እሺ ትላለች። «አጥፋ» ስትባል ይህ ከእንግዲህ አይደገፍም የሚል ስህተት ትመልሳለች። ደህናውን በጸጥታ አሳልፎ አደገኛውን በግልጽ መከልከል ጥሩ ሥነ ሥርዓት ነው።

በሰርቨር በኩል ማድረግ ሁልጊዜ ይከሽፋል ወይ?

አይከሽፍም። ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ እንይ። እዚያ ኦቶኮሚት የሰርቨር ቫርያብል ነው፣ በየሴሽኑ ይቀየራል፣ ዲፎልቱ በርቶ ነው። እና ይሠራል። ለምን? አንደኛ፣ ላይብረሪዎቹ የተጻፉት እሱን አውቀው ነው። ሁለተኛ፣ የማይኤስኪውኤል ፕሮቶኮል ትእዛዝ በተሳካ ቁጥር በሚመልሰው ፓኬት ላይ የሁኔታ ምልክቶች አሉት። አንዱ ኦቶኮሚት መብራቱን ይናገራል፣ ሌላው በትራንዛክሽን ውስጥ መሆን አለመሆንን። ክላየንቱ ሁልጊዜ ያውቃል። ፖስትግሬስ 7.3 ሥልጣኑን ለሰርቨሩ ሲሰጥ ይህ መረጃ በፕሮቶኮሉ ላይ አልነበረም። የመረጃው ባይት 7.4 ላይ ስትመጣ ደግሞ ሥልጣኑ ወደ ክላየንቱ ተመልሷል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ ነገሩ በለዘበ ነበር ብዬ አምናለሁ። የኮንፊግ ፋይሉ ጣጣ ግን ያኔም አይቀርም ነበር።

ማይኤስኪውኤልና ኦራክል ላይ ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቴብል መፍጠር ወይም መቀየር የመሰለ ትእዛዝ በመሀል ከገባ የተከፈተውን ትራንዛክሽን በራሱ ኮሚት ያደርገዋል። ኦቶኮሚት አጥፍታችሁም ቢሆን። ፖስትግሬስ ላይ ቴብል መፍጠርም «ሮልባክ» ይደረጋል።

ያልተፈታው ግማሽ

የ7.4 ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ግን ኦቶኮሚት ሲጠፋ የሚመጣው ዕዳ ወደ ክላየንቱ ተዛወረ እንጂ አልተሰረዘም። ዕዳው ክፍት የቀረ ትራንዛክሽን ነው።

ፓይተንን ከፖስትግሬስ በሚያገናኘው ላይብረሪ፣ በሳይኮፕግ፣ የሚሠራ ሰው ዘወትር ያገኘዋል። ሳይኮፕግ የፔፕ 249ን ቃል ይጠብቃል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት «ቢጊን» ይልካል። «ሰሌክት» ብቻ ቢሆንም። ፕሮግራመሩ «እኔ አነበብኩ እንጂ አልጻፍኩም፣ ኮሚት ምን ያደርግልኛል?» ይልና ይተወዋል። ኮኔክሽኑ ክፍት ነው። ትራንዛክሽኑም ክፍት ነው። ሰርቨሩ ላይ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የሚለውን ቪው ስታዩ ያ ኮኔክሽን በትራንዛክሽን ውስጥ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ምን ጉዳት አለው? ያ «ሰሌክት» ያነበበው ቴብል ላይ ቀላል ሎክ ይዟል፣ ሎኩ የሚለቀቀው ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ ነው። ሌሎች አንባቢዎችንም ሆነ ጸሐፊዎችን አያግድም፣ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ሌላ ሰው በዚያ ቴብል ላይ ኮለም ለመጨመር «ኦልተር ቴብል» ይልካል። እሱ ከሁሉም ጋር የማይስማማ ሎክ ይፈልጋል። ይጠብቃል። ከእሱ በኋላ የሚመጡት «ሰሌክቶች» ደግሞ ከእሱ ጀርባ ይሰለፋሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ዌብሳይቱ ቆመ። ሰው ሁሉ «ኦልተር ቴብሉ» ላይ ይጮኻል። መነሻው ግን ከሰዓታት በፊት አንብቦ ዝም ያለው ኮኔክሽን ነው። ያ ኮኔክሽን ጽፎ የቆመ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ከእሱ በኋላ የሞቱትን ረድፎች «ቫኪዩም» ሊጠርጋቸው አይችልም፣ ቴብሉ ያብጣል።

ፖስትግሬስ ለዚህ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 9.6 ነው። ትራንዛክሽን ከፍቶ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ዝም ያለን ኮኔክሽን የሚቆርጥ የሰዓት ገደብ ተጨመረ። ዲፎልቱ ጠፍቶ ነው። ይህኛው በሰርቨር በኩል መሆኑ ተገቢ ነው፤ ሰርቨሩ የራሱን ጤና እየጠበቀ ነው። ትራንዛክሽኑን ሲቆርጥ ደግሞ ስህተት ይመልሳል፣ የፕሮግራሙን ትርጉም በስውር አይቀይርም። ማንኛውም ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሰርቨር ላይ ይህ ገደብ መብራት አለበት ብዬ አምናለሁ።

በተግባር የምመክረው ይህንን ነው። ፕሮዳክሽን ሰርቨር ላይ በፒኤስኪውኤል በእጅ ስትሠሩ ኦቶኮሚትን እንደበራ ተዉት፣ ከ«አፕዴት» እና ከ«ደሊት» በፊት «ቢጊን» በእጃችሁ ጻፉ፣ የተነካውን የረድፍ ቁጥር አይታችሁ ኮሚት አድርጉ። በዚህ መንገድ «ሰሌክት» ብላችሁ ቡና ልትጠጡ ብትወጡ የሚቆለፍ ነገር የለም። አጥፍቶ መሥራት የለመደ ሰው በራሱ ቤት ማውጫ ባለው የፒኤስኪውኤል ማስጀመሪያ ፋይል ላይ ይጻፈው፤ የእሱ ልማድ በእሱ ላይ ብቻ ይሥራ።

ብዙ ዳታ ስትጭኑ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኦቶኮሚት በርቶ 100,000 «ኢንሰርት» አንድ በአንድ ከላካችሁ 100,000 ኮሚት ነው። በዲፎልቱ ሴቲንግ እያንዳንዱ ኮሚት የዳታቤዙ የለውጥ መዝገብ ዲስክ ላይ በትክክል እስኪጻፍ ይጠብቃል። አንድ «ቢጊን» ከላይ፣ አንድ «ኮሚት» ከታች አድርጉ። የፖስትግሬስ ሰነድ ዳታ ስለ መጫን ሲመክር ከሁሉ አስቀድሞ የሚለው ይህንኑ ነው። መሀል ላይ ከተሰበረም ግማሹ ገብቶ ግማሹ ሳይገባ የሚቀር ነገር አይኖርም።

ኮኔክሽን ፑል (የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን ይዞ ለየኮዱ በየተራ የሚያውስ) የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ፈትሹ። አንዱ የኮድ ክፍል ኦቶኮሚትን ቀይሮ ኮኔክሽኑን ወደ ፑሉ ሲመልስ፣ ፑሉ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል ወይ? ካልመለሰው የሚቀጥለው ኮድ ሌላ ሰው በተወው ሁኔታ ውስጥ ነው የሚሮጠው። የ7.3 ችግር ነው፣ በትንሹ፣ በራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ።

ጥያቄው ገና እንዳልተዘጋ የሚያሳየው ኤስኪውላይት ከሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የፓይተን ሞጁል ነው። ለረጅም ጊዜ ዳታ ከሚቀይሩ ትእዛዞች በፊት ትራንዛክሽን በስውር ይከፍት ነበር። እስከ 3.6 ድረስ ደግሞ ቴብል ከመፍጠር በፊት በስውር ኮሚት ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይተን 3.12 በኮኔክሽኑ ላይ «ኦቶኮሚት» የሚል ግልጽ ባሕርይ ጨመረ። «ትሩ» ካላችሁት የኤስኪውላይትን የራሱን ኦቶኮሚት ታገኛላችሁ። «ፎልስ» ካላችሁት ፔፕ 249 ያለውን። ምንም ካላላችሁ የድሮው ባሕርይ ይቀጥላል። ሰነዱ የሚመክረው «ፎልስ»ን ነው፤ ወደፊት ዲፎልቱ ወደዚያ እንደሚቀየርም ተናግሯል። ዛሬ ኮኔክሽን የሚከፍት መስመር የምትጽፉ ከሆነ አንዱን መርጣችሁ በግልጽ ጻፉት፤ ኮዱን ከእናንተ በኋላ የሚያነበው ሰው ኮሚቱ የማን እንደሆነ ከዚያች መስመር ላይ ያገኘዋል።